መንገድ ላይ ቤት፣ ውሃ ላይ ጀልባ

ስለ ተንሳፋፊነት ስናስተምር ብዙዎቻችን የአርኪሜዲስን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ተማሪው እንዲገለብጥ አድርገን፣ አንድ ሁለት ሒሳብ አሠርተን እንወጣለን። ልጁ ሕጉን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ «ታዲያ የብረት መርከብ ለምን አይሰምጥም?» ሲባል ግን ዝም! የማስተማር ልምምድ የሚወጡ ሰልጣኞች ይህን ትምህርት ከሌላ በኩል እንዲጀምሩት በማሰብ፣ አንድ ተማሪ የነደፈውን ነገር ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ ካራቫን ነው። ካራቫን መኝታና ማብሰያ ያለው፣ እንደ ተሳቢ ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት ትንሽ ቤት ሲሆን፣ አውሮፓውያን በዕረፍት ጊዜያቸው ይዘውት ይዞራሉ። በሰሜን ጀርመን የወደብ ከተማ በኪል፣ በሙቴሲዩስ የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ያጠና የነበረው ዳንኤል ሽትራውብ፣ ለመመረቂያ ሥራው መንገድ ላይ የሚጎተት፣ ውሃ ዳር ሲደርስ ደግሞ ገብቶ የሚንሳፈፍ ካራቫን ነደፈ። ስሙ ሲላንደር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከወረቀት ወጥቶ እዚያው ኪል ውስጥ መመረት ጀመረ።

መቼም ጎማ ያለው ቤት ውሃ ላይ ሲሄድ ማየት ያስቃል። አሠራሩ ግን ቀልድ አይደለም። የተለመደው ካራቫን በብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ ውሃ ያስገባል። ሲላንደር ግን አካሉ እንደ ጀልባ ከፋይበር ግላስ ነው የተሠራው። መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ በተዳፋቱ ያወርደዋል፤ ከተንሳፈፈ በኋላ ከኋላው የሚታሰር የኤሌክትሪክ ሞተር ይነዳዋል። ወንበሮቹ ሲዘረጉ አልጋ ይሆናሉ፤ ጣሪያውም ይከፈታል።

አሁን ወደ ሒሳባችን። በአውሮፓ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው አይገደድም፤ ሲላንደርም የተነደፈው ለዚህ ወሰን ነው። እንዲቀለን አንድ ሣጥን የመሰለ ካራቫን እንውሰድ፤ ወለሉ 3 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ማለት 4.5 ካሬ ሜትር ይሁን። 750 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ለመንሳፈፍ 750 ኪሎ ግራም ውሃ፣ ማለትም 0.75 ሜትር ኩብ ገፍቶ ቦታውን መያዝ አለበት። 0.75ን ለ4.5 ስናካፍል 0.167 ሜትር ይመጣል። ካራቫኑ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጠልቃል ማለት ነው! ተማሪዎቻችሁ መጀመሪያ በግምት እንዲናገሩ አድርጉ፤ አብዛኞቹ «እስከ ጣሪያው ይገባል» ማለታቸው አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። መንገድ ላይ ሰዎቹ የሚቀመጡት በሚጎትተው መኪና ውስጥ ነው፤ ውሃ ላይ ግን ካራቫኑ ውስጥ ይገባሉ። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች 280 ኪሎ ይጨምራሉ፤ ይህም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ጥልቀት ነው። በድምሩ 23። የበሩ ደፍ ታዲያ ከዚህ በብዙ ከፍ ማለት አለበት፤ ማዕበል የሚባል ነገር አለና።

ነገር ግን መንሳፈፍና አለመገልበጥ የተለያዩ ናቸው። ይህን እኛ ራሳችን በውርደት ነው የተማርነው። በአንድ የልምምድ ክፍል ውስጥ ከካርቶን ሠርተን ሰም የቀባነውን ሞዴል ይዘን ገባን፤ ጠጠሩን ደግሞ እንዲታይ ብለን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደርነው። ሳፋው ውስጥ ባስቀመጥነው ቅጽበት ዞሮ ተገለበጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሒሳባችን ትክክል ነበር፤ የስበት ማዕከሉ ግን እላይ ሆኖ ቀረ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ ጠጠሩን ወለሉ ላይ በተነችው፣ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን እኛ ብዙም አላስተማርንም፤ ልጆቹ ናቸው ጠጠር እያነሡ እያስቀመጡ የተከራከሩት።

ለሙከራው ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሳፋ ውሃ፣ ማስመሪያና እፍኝ ጠጠር ይበቃል። ቆርቆሮው ሲከፈት ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በድንጋይ ቀጥቅጣችሁ አስተኙት። ርዝመቱንና ስፋቱን ለክታችሁ፣ ጠጠሩን መዝናችሁ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጠልቅ ውሃው ውስጥ ሳታስገቡት በፊት ሰሌዳው ላይ ጻፉ።