የኮምፒዩተር የክስተት መዝገብ እስከ ሒሳብ ምርመራ እንዲቆይ

በየአጥቢያው የሚገኙ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የአሥራት፣ የስዕለትና የሙዳየ ምጽዋት ገቢን በኮምፒዩተር መመዝገብ እየለመዱ መጥተዋል። የወረቀቱ መዝገብ ግን አሁንም የሚበልጥበት ነገር አለ። የተሰረዘ ቁጥር ስርዙ ይታያል፤ የተቀደደ ቅጠልም ጉርዱ ይቀራል። በኮምፒዩተር የተያዘ የሒሳብ ሰንጠረዥ ተከፍቶ አንድ ቁጥር ቢለወጥበት ገጹ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው ኮምፒዩተሩ ስለ ራሱ የሚጽፈው የክስተት መዝገብ ነው። ከዚህ ቀጥሎ በዊንዶውስ የሚሠሩ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች ይህን መዝገብ ለምን ያህል ጊዜ ሊያቆዩ እንደሚገባ እንመለከታለን።

አንድ አጥቢያ እናስብ። በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ሲመረመር፣ በጥምቀት ሰሞን የተሰበሰበው ገቢ በደረሰኝ ጉርዱና በሰንጠረዡ ላይ ሳይገጥም ይቀራል። ሰንጠረዡን የሚይዘው ሒሳብ ሹሙ ነውና ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ያርፋል። እርሱ በበኩሉ በዚያ ሳምንት ፈቃድ ላይ እንደነበረ ይናገራል። ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት ኮምፒዩተሩን እንደከፈተ ለማየት መዝገቡ ሲገለጥ ግን የሚጀምረው ከግንቦት አጋማሽ ሆኖ ይገኛል። የጥሩ ጠፍቷል። ሰውየው ንጹሕ ከሆነ የሚመሰክርለት አጣ፤ በደለኛም ከሆነ ጉባኤው የሚይዘው ማስረጃ የለውም። በአጥቢያው የሚቀረው ሐሜት ብቻ ነው።

መዝገቡን ያጠፋው ሰው ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ሲስተም፣ አፕሊኬሽንና ሴኩሪቲ ለሚባሉት ዋና ዋና መዝገቦች ለእያንዳንዳቸው ሲጫን የሚሰጣቸው መጠን ወደ 20 ሜጋባይት ነው። ይህ ሲሞላ አሮጌው ክስተት እየተፋቀ አዲሱ ይጻፍበታል። ስለዚህ መዝገቡ የሚለካው በወር ሳይሆን በመጠን ነው። ብዙ ክስተት በሚጽፍ ኮምፒዩተር ላይ ሳምንታትን፣ ብዙም በማይሠራበት ላይ ወራትን ሊይዝ ይችላል።

የእናንተ ኮምፒዩተር ስንት ጊዜ እንደሚይዝ ማወቅ ቀላል ነው። የአስተዳዳሪነት መብት ባለው መለያ ገብታችሁ ኢቨንት ቪወር የተባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ ዊንዶውስ ሎግስ ከሚለው ሥር ሴኩሪቲን መርጣችሁ እስከ ታችኛው ክስተት ውረዱ። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ያለው ርቀት መዝገቡ የሚይዘው ዕድሜ ነው። ለምሳሌ በ20 ሜጋባይት አምስት ሳምንት ከያዘ፣ ዓመቱን 52 ሳምንት ለመያዝ ከ200 ሜጋባይት ጥቂት የሚበልጥ ይፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ምርመራው ከዚያ በኋላ ስለሚቀጥል፣ እኛ የምንመክረው ቢያንስ የአሥራ አምስት ወር ዕድሜ ነው። በምሳሌው ስሌት ይህ ወደ 260 ሜጋባይት ይመጣል።

መጠኑን ለመለወጥ ሴኩሪቲ በሚለው ስም ላይ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስን ምረጡ። መጠኑ የሚጻፈው በኪሎባይት ሲሆን 327680 ብትጽፉ 320 ሜጋባይት ይሆናል። 256 ጊጋባይት ለሚይዝ ዲስክ ይህ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በእጅጉ ያነሰ ነው። እዚያው ላይ ሦስት ምርጫዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሲሞላ አሮጌውን ፍቆ ይጽፋል። ሁለተኛው የሞላውን መዝገብ በፋይል አስቀምጦ አዲስ ይጀምራል፤ የሚከታተል ሰው ከሌለ ግን ፋይሎቹ ተከማችተው ዲስኩን ያጣብባሉ። ሦስተኛው አሮጌውን አይነካም፤ ሲሞላ አዲሱን መጻፍ ያቆማል። ይህ ሦስተኛው ጥንቃቄ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎችን ይስባል፤ ለአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ግን ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው። መጠኑን አስፍቶ የመጀመሪያውን መምረጥ ይበቃል።

በመዝገቡ ውስጥ ቁጥር 4624 አንድ ሰው ወይም አንድ አገልግሎት ወደ ኮምፒዩተሩ መግባቱን ያሳያል። አብዛኛው የኮምፒዩተሩ የራሱ ሥራ ስለሆነ፣ ሎጎን ታይፕ ከሚለው አጠገብ 2 ያለበትን ፈልጉ፤ በቁልፍ ሰሌዳው የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ይታወቃል። ቁጥር 1102 ደግሞ የሴኩሪቲ መዝገቡ ሆን ተብሎ መጽዳቱን፣ ያጸዳውንም መለያ ስም ይመዘግባል። ጸሐፊው፣ ሒሳብ ሹሙና ገንዘብ ያዡ ሁሉ በአንድ መለያ፣ ያውም ያለ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ይከፈትለት።

ሰዓቱም ሊታሰብበት ይገባል። መዝገቡ የሚያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡15 የሆነው ነገር ጃንዋሪ 21 ቀን 2025፣ 9፡15 ተብሎ ይገኛል። ቃለ ጉባኤ ስትጽፉ ሁለቱንም አስፍሩ። አንዳንድ ቢሮ ለአቆጣጠራችን እንዲመች ብሎ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ይህ መዝገቡን ያበላሻልና አይደረግ። የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ የሚለው ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጥንት ዓመት የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ አልቃለችና ትለወጥ።

መግባት መውጣቱ የሚመዘገብ ቢሆንም ሰንጠረዡን ማን እንደነካው በራሱ አይመዘገብም። ለዚህ በዊንዶውስ ፕሮፌሽናል እትም ኦዲት ኦብጀክት አክሰስ የተባለውን ማብራት፣ ቀጥሎም በሒሳብ ፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኦዲቲንግ ከሚለው ቦታ የሚመዘገቡትን ሰዎች መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቁጥር 4663 ፋይሉን የነካውን መለያ ያሳያል። ለሒሳብ ፎልደሩ ብቻ አብሩት፤ ለመላው ዲስክ ከበራ መዝገቡ በአጭር ጊዜ ይሞላል። ከወር በኋላም ዕድሜውን ዳግመኛ ለኩ። መዝገቡ የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ አይናገርምና፣ የየወሩን ሰንጠረዥ አትሞ አስፈርሞ ማስቀመጡ አይቅር።

መዝገቡ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ዲስክ ሲበላሽ ወይም ባለሙያ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ሲያደርግ ይሄዳል። በወር አንድ ጊዜ ሴቭ ኦል ኢቨንትስ አዝ በሚለው ትእዛዝ ቅጂው በውጭ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ዲስኩን የሚይዘው በሒሳቡ ላይ የማይሠራ የሰበካ ጉባኤ አባል ይሁን፤ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለጥገና ወደ ከተማ የሚላክ ኮምፒዩተር ካለም ቅጂው ሳይወሰድ ከቢሮ አይውጣ።