የመንግሥት ሕንፃዎች የጥገና በጀት በምን ይለካ? የዩታና የሚዙሪ ግዛቶች ሕጎች ንጽጽር

መግቢያ

አንድ የመንግሥት ሕንፃ ተመርቆ አገልግሎት ሲጀምር የግንባታ ወጪው ቢጠናቀቅም የባለቤትነት ወጪው ገና መጀመሩ ነው። ጣሪያው፣ የውኃ መስመሩ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውና አሳንሰሩ የየራሳቸው የአገልግሎት ዘመን ስላላቸው፣ ሕንፃው እስካለ ድረስ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ጊዜው ደርሶ ሳይከናወን ከዓመት ወደ ዓመት የሚንከባለለው ሥራ ውዝፍ ጥገና ይባላል። የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑት ዩታና ሚዙሪ ይህን ውዝፍ ለመግታት ሁለት የተለያዩ የሕግ መንገዶችን መርጠዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን በማነጻጸር፣ የጥገና ገንዘብ መለኪያ መሆን ያለበት የመንግሥት ገቢ ሳይሆን የሕንፃዎቹ ዋጋ መሆኑን ያሳያል።

ጥገና ለምን ይዘለላል?

ዋናው ምክንያት ከባለሙያዎች ቸልተኝነት ይልቅ በበጀት አሠራሩ ውስጥ ይገኛል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መደበኛ በጀታቸውን ከገቢያቸው ጋር እንዲያመጣጥኑ በሕግ ይገደዳሉ። አዲስ ግንባታ ብዙ ጊዜ በቦንድ ሽያጭ በሚገኝ ብድር ሊሸፈን ሲችል፣ የዘወትር ጥገና ግን በአመዛኙ ከዓመታዊ ገቢ ይከፈላል። ስለሆነም ገቢ በቀነሰ ጊዜ በቅድሚያ የሚቆረጠው፣ ዘንድሮ ቢቀር ጉዳቱ ዘንድሮ የማይታየው ወጪ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ በወሩ ቅሬታ ያስነሣል፤ ያልታደሰ የጣሪያ ክዳን ግን ኮርኒሱና ግድግዳው በእርጥበት እስኪጎዱ ድረስ ትኩረት አይስብም። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ወጪ ክዳኑን በወቅቱ ለመቀየር ይበቃ ከነበረው እጅግ ይበልጣል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሪፖርት፣ ለመደበኛ ጥገናና እድሳት በየዓመቱ ከሕንፃዎች ዳግም የመገንቢያ ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንዲመደብ መክሯል። ዳግም የመገንቢያ ዋጋ ሲባል ያንኑ ሕንፃ በዛሬ ዋጋ እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ማለት ነው። ይህ ግን ምክረ ሐሳብ እንጂ ግዴታ አይደለም። አስገዳጅ ለማድረግ የሕግ ድንጋጌ ያስፈልጋል።

ዩታ፦ ቅደም ተከተልን የሚወስን ሕግ

የዩታ ሕግ፣ ምክር ቤቱ ለአዳዲስ የግንባታ ፕሮጀክቶች ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት ከነባር ሕንፃዎች ዳግም የመገንቢያ ዋጋ 1.1 በመቶውን ለካፒታል ማሻሻያ እንዲመድብ ያዛል። የበጀት ጉድለት ሲያጋጥም መጠኑ ወደ 0.9 በመቶ ዝቅ ሊል ይችላል። ለምሳሌ ያህል የሕንፃዎቹ ዋጋ 10 ቢሊዮን ዶላር ቢሆን፣ በደኅናው ጊዜ 110 ሚሊዮን፣ በችግር ጊዜ 90 ሚሊዮን ዶላር ይመደባል ማለት ነው። ይህ አኃዝ ትላልቅ እድሳቶችንና ቅያሬዎችን የሚመለከት በመሆኑ፣ የዘወትር ጥገናን ከሚመለከተው ከ2 እስከ 4 በመቶ ምክር ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይገባም።

የሕጉ ጥንካሬ ከመቶኛው ይልቅ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አዲስ ሕንፃ የሚፈልግ የምክር ቤት አባል የነባሮቹ ጥገና በጀት እንዲጸድቅ መደገፍ ግድ ይለዋል። በዚህ አሠራር የጥገና ተቀናቃኝ የነበረው አዲስ ግንባታ የጥገና ዋስትና ይሆናል። ድክመቱ፣ ድንጋጌው ተራ ሕግ በመሆኑ ያወጣው ምክር ቤት ራሱ ሊያሻሽለው መቻሉ ነው።

ሚዙሪ፦ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ፈንድ

ሚዙሪ እ.ኤ.አ. በ1996 በመራጮች ድምፅ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የሕንፃዎች ጥገና መጠባበቂያ ፈንድ አቋቁማለች። ወደ ፈንዱ የሚዛወረው ገንዘብ በየዓመቱ ቀስ በቀስ እያደገ ከግዛቲቱ የተጣራ ጠቅላላ ገቢ 1 በመቶ እንዲደርስ ተደንግጓል። ድንጋጌው በሕገ መንግሥት ውስጥ በመሆኑ ምክር ቤቱ ብቻውን ሊሽረው አይችልም። ይህም ከዩታ ሕግ የላቀ ጥበቃ ይሰጠዋል።

ችግሩ መለኪያው ነው። ጣሪያ የሚያረጀው የግብር ገቢን ተከትሎ አይደለም። ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ገቢው ይቀንሳል፤ የጥገናው ፍላጎት ግን ባለበት ይቀጥላል። ግዛቲቱ ተጨማሪ ሕንፃዎችን ብትገነባም፣ ገቢዋ እስካልጨመረ ድረስ የጥገና ድርሻው አያድግም።

የንጽጽሩ ውጤት

የዩታ ሕግ በልኬቱ፣ የሚዙሪ ድንጋጌ በጥበቃው ይበልጣል። ሁለቱን ማጣመር፣ ማለትም በሕንፃዎች ዋጋ የተለካ ግዴታን በቀላሉ በማይሻሻል ሕግ ማጽናት የተሻለ አማራጭ ነው። ለዚህ ግን የተሟላ የሕንፃ መዝገብ ቅድመ ሁኔታ ነው። የሒሳብ መግለጫ ብቻውን አይበቃም፤ የአሜሪካ የመንግሥት ሒሳብ ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው 34ኛው ደረጃ ግዛቶች የንብረታቸውን የእርጅና ቅናሽ እንዲያሳዩ ቢያስገድድም፣ ስሌቱ የሚነሣው ሕንፃው በተሠራበት ዘመን ከወጣው ወጪ እንጂ ከዛሬው ዋጋ አይደለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ክልሎችም እንግዳ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 በጀታቸውን የማዘጋጀትና የማስተዳደር ሥልጣን ስለሚሰጣቸው፣ የጥገናን ቅደም ተከተል በራሳቸው ሕግ ሊወስኑ ይችላሉ። ለጥገና የተለየ የገቢ ምንጭ መመደብም የታወቀ አሠራር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ በሚሰበሰብ ክፍያ መንገዶችን ለመጠገን ታስቦ የተመሠረተ ነበር። መንገድ ግን ነዳጅ የሚቀዳ ተጠቃሚ አለው። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ከፋይ ስለሌላቸው፣ ለእነርሱ ከተጠቃሚ ክፍያ ይልቅ የዩታን የመሰለ የቅደም ተከተል ሕግ ይስማማል። የመጀመሪያው እርምጃም የእያንዳንዱን ሕንፃ ዕድሜ፣ ስፋት፣ ይዞታና ዳግም የመገንቢያ ዋጋ መመዝገብ ነው።