የጫጩቶች እግር ወደ ውጭ መጣመም፦ መለያውና መከላከያው

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች የጫጩት እግር ወደ ውጭ የሚጣመምባቸውን ምክንያቶች ለይተው እንዲያውቁና አጥንቱ ሳይጠነክር እንዲከላከሉ ማስቻል።

መግቢያ

በአንድ ቀበሌ ለክትትል ስንሄድ 50 የአንድ ቀን ጫጩቶች ተረክበው የሚያሳድጉ እናት አገኘን። ገና ሳምንት ሳይሞላ 9ኙ እግራቸው ግራና ቀኝ ተከፍቶ በደረታቸው ይሳቡ ነበር። ጎረቤቶች «የሰው ዓይን ነው» ብለዋቸዋል። ወለሉን ስናይ ግን ለጽዳት ተብሎ ላስቲክ ተነጥፎበታል። ጫጩቶቹን የጎዳቸው የሚያዳልጠው ላስቲክ ነበር።

የጫጩት አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለስላሳ ነው፤ በፍጥነትም ያድጋል። በዚህ ጊዜ የተጣመመ እግር እንደተጣመመ ይጠነክራል። እግሩ የተጎዳ ጫጩት መኖና ውኃ ጋ መድረስ ስለማይችል ብዙ ጊዜ የሚሞተው በረሃብና በጥም ነው።

ዋና ዋና ምክንያቶች

1. የሚያዳልጥ ወለል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያል። ሁለቱም እግሮች ከጭን ጀምሮ ወደ ጎን ይከፈታሉ። ላስቲክ፣ ጋዜጣና ለስላሳ ካርቶን አያንጥፉ። ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ይጎዝጉዙ።

2. የአጥንት መለስለስ (ሪኬትስ)። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይታያል። የካልሲየም፣ የፎስፈረስ ወይም የቫይታሚን ዲ እጥረት ያመጣዋል። ምንቃሩ በጣት ሲጫኑት እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ጫጩቱ ለመራመድ ይቸገራል፤ ቶሎ ቶሎም ይቀመጣል። በቆሎ ብቻ መመገብና ጫጩትን ፀሐይ በማያገኝ ቤት መዝጋት ለዚህ ያጋልጣል።

3. የጅማት ከቦታው መውጣት። ቋንጃው ያብጣል፤ ከኋላው ያለው ጅማት ወደ ጎን ይንሸራተትና እግሩ ይዞራል። የማንጋኒዝ ወይም የኮሊን እጥረት አንዱ መንስኤ ነው። በቆሎ ማንጋኒዝ አነስተኛ ነው፤ የስንዴ ፉርሽካ ግን በቂ አለው።

4. ከመጠን ያለፈ ፈጣን ዕድገት። በሥጋ ዶሮዎች ላይ ይበዛል። ከቋንጃው በላይ ያለው አጥንት ስለሚጎብጥ ከቋንጃ በታች ያለው እግር ወደ ውጭ ይወጣል። ዘርም ድርሻ አለው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዶሮ ለዘር አያስቀሩ። ማታ መብራት አጥፍቶ ማሳረፍና ለመንቀሳቀስ የሚበቃ ስፍራ መስጠት ችግሩን ይቀንሳል።

ምን እናድርግ?

• እግሩ የተከፈተው በወለል ምክንያት ከሆነና ጫጩቱ ገና የጥቂት ቀን ከሆነ ሁለቱን እግሮች በተለመደው አቋቋማቸው ልክ አራርቀው በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርገው ያስሩ። በየቀኑ ይመልከቱ፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይፍቱ። ለብቻው አድርገው መኖና ውኃ ያቅርቡለት።
• የተመጣጠነ የጫጩት መኖ ይስጡ። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ አይስጡ፤ ካልሲየሙ ከጫጩት መኖ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።
• መኖ በቤት የሚያዘጋጁ ከሆነ በቆሎውን ከፉርሽካ፣ ከኑግ ፋጉሎና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጋር ይቀላቅሉ። መጠኑን ከልማት ጣቢያ ባለሙያ ጋር ይወስኑ። የግድግዳ ኖራ አይጠቀሙ።
• ብርዱ ካለፈ በኋላ ጭልፊት በማይደርስበት አጥር ውስጥ ፀሐይ ያሙቋቸው። በመስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ እንዲያገኙ አያደርግም።
• ጅማቱ የወጣ ወይም አጥንቱ ጎብጦ የጠነከረ እግር አይቃናም። ገንዘብዎን ለመድኃኒት ከማውጣት የቀሩትን ጫጩቶች ወለልና መኖ ያስተካክሉ።

የተግባር ልምምድ

በቡድን ሆናችሁ 10 ጫጩቶችን አንድ በአንድ አቁማችሁ ከኋላ ተመልከቱ። ቋንጃውን ዳስሱ፤ ምንቃሩን በቀስታ ተጫኑ። ያገኛችሁትን ከአራቱ ምክንያቶች ጋር አመሳክሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ የጫጩቶች ወለል ምን ተነጥፎበታል?
2. የ3 ሳምንት ጫጩት ምንቃሩ ቢተጣጠፍ በመጀመሪያ ምን ትለውጣላችሁ?
3. ከመንደራችሁ «ዓይን» ተብሎ የታለፈ የጫጩት ሕመም ነበር? አሁን ምን ይመስላችኋል?