የሥራ ግሩፕ ሠራተኞችን ለምን ያከራክራል?

የሥራ ግሩፕ ምንድን ነው?

የሥራ ግሩፕ ማለት የአንድ ድርጅት ወይም የአንድ ክፍል ሠራተኞች በስልካቸው መልእክት፣ ፎቶግራፍና ሰነድ የሚለዋወጡበት የጋራ መድረክ ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓላማ በስፋት የሚያገለግለው መተግበሪያ (በስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) ቴሌግራም ነው።

ግሩፑን የሚመራው ሰው አድሚን ይባላል። አባል ያስገባል፣ ያስወጣል፣ መልእክትም ይሰርዛል። አብዛኛውን ጊዜ አድሚኑ የክፍሉ አለቃ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ማን ይወደዋል?

ለምሳሌ አቃቂ ቃሊቲን እንውሰድ፤ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅና የምግብ ፋብሪካዎች የሚበዙበት የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው። በፈረቃ (ሠራተኛ እየተተካካ በሚሠራበት ሥርዓት) የሚንቀሳቀስ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊቱ ሠራተኛ ከቀኑ ሠራተኛ ጋር የሚተያየው በር ላይ ነው፤ እሱም ከተገናኙ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የዕረፍት ተራ ላይ ላለ ሰው አይደርስም።

የሰርቪስ (የሠራተኛ ማመላለሻ) መስመር ሲቀየር ወይም የፈረቃ ድልድል ሲወጣ ግሩፑ መረጃውን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያደርሳል። የተበላሸ ማሽን ፎቶግራፍ ለጥገና ክፍል በደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ ሥራ የሚያስተባብር ሰው ግሩፑን ቢወድ አያስገርምም።

ቅሬታው ከምን ይመነጫል?

ዋናው ምክንያት ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የሚሠራ ሲሆን፣ ክፍያው ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ ይጀምራል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት የተላከ «ነገ የሚጫነው ዕቃ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ግን በሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ አይመዘገብም። መልሱ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል፤ መልእክቱን መጠበቁ ግን ምሽቱን ሙሉ ነው። ለጠያቂው ቀላል ጥያቄ፣ ለተጠያቂው ያልተከፈለበት ሥራ ይሆናል።

ወጪውም አለ። ብዙ ጊዜ ስልኩም የዳታ ጥቅሉም የሠራተኛው ናቸው። ቪዲዮ በተላከ ቁጥር ጥቅሉ የሚያልቀው በሠራተኛው ወጪ ነው፤ ጥቅል ያልገዛው ደግሞ መረጃው ያመልጠዋል። ቴሌግራም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በታገደበት ወቅት ይኸው ልዩነት ጎልቶ ወጣ፤ ቪፒኤን (እገዳን አልፎ ለመግባት የሚረዳ ፕሮግራም) የጫነ ሲገባ ያልጫነው ከውጭ ቀረ።

ዝምታ ለምን ያጣላል?

ቴሌግራም በአነስተኛ ግሩፖች ውስጥ መልእክቱን ማን እንዳየው ለላኪው ያሳያል። አይቶ ያልመለሰ ሰው እንቢተኛ ሊመስል ይችላል፤ ምናልባት ግን ያየው ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ነው። በቢሮ ለብቻ የሚነገር ተግሣጽም በግሩፕ ሲጻፍ በባልደረቦች ሁሉ ፊት ይሆናል፤ ጽሑፉም ሳይጠፋ ይቆያል።

በዚህ የተነሣ ሠራተኞች አለቃ የሌለበት ሁለተኛ ግሩፕ ይከፍታሉ። የመጀመሪያው ግሩፕ «እሺ»ና «ደርሶኛል» ብቻ የሚጻፍበት ሲሆን፣ የፈረቃ መቀያየርና እውነተኛው ቅሬታ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል።