በረዶ የሚሰበረው እንዴት ነው?

ለዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር ይዘን ቀርበናል፤ «ብሬክ ዚ አይስ» የሚለውን። ቃል በቃል ሲፈታ «በረዶውን መስበር» ማለት ነው። በትምህርት ቤት ክበባት የምትሳተፉ ልጆች ዘመዱን «አይስ ብሬከር»ን ሳትሰሙት አትቀሩም። ሥልጠና ሲጀመር ክብ ሠርተን፣ ኳስ እየተወራወርን ስም የምንተዋወቅበት ጨዋታ ነው። ጨዋታውን እናውቀዋለን፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

እኔ አልጠየቅኩም ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መምህር ወደ ክፍል ገቡና «በረዶውን ልስበርላችሁ» ብለው በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ወዲያው ስለ ራሳቸው አንድ ቀልድ አወሩ። ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ እኔ ገና በረዶው ላይ ነበርኩ። የማላውቀው ቃል ቢሆን እኮ መዝገበ ቃላት ይፈታልኝ ነበር። ሁለቱንም ቃላት ግን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ምንም ያልነገሩኝ። አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ዘግይቼ ሳቅኩ። በዚያ ክፍል ጥያቄ ለመጠየቅ እጄን ያወጣሁት ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። አፍ እንዲከፍት የተነገረው አነጋገር የእኔን አፍ ዘጋው።

ለካ ያልገባኝ ቃሉ ሳይሆን አገሩ ነበር። እኛ በረዶ ሲባል ቶሎ የሚታየን በክረምት ቆርቆሮውን እያንኳኳ የሚወርደው፣ የገበሬውን ሰብል የሚያረግፈው ነው። የእኛ በረዶ ራሱ ሰባሪ እንጂ የሚሰበር አይደለም! አነጋገሩ የተወለደበት በረዶ ሌላ ነው። በሰሜን አውሮፓ ብርዱ ሲጠና የወንዝ ውኃ ከላይ ይረጋና እንደ ቤት ወለል ይጠነክራል። ለንደንን አቋርጦ በሚያልፈው በቴምዝ ወንዝ ላይ ሰዎች ድንኳን ተክለው ይገበያዩ ነበር፤ የመጨረሻው የበረዶ ላይ ገበያ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። ለገበያተኛው ጨዋታ የሆነው ነገር ለጀልበኛው እስር ነው፤ ጀልባው ባለበት ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ በረዶውን እየሰበረ መንገድ ይከፍታል፣ ሌሎቹ በከፈተው ይከተላሉ። ኢራስመስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምሳሌያዊ አነጋገሮችን በሰበሰበበት መጽሐፉ የላቲኑን «በረዶ መሰንጠቅ» ያብራራው በዚሁ በጀልበኞች ልማድ ነው።

ኋላ ላይ ለዚሁ ሥራ መርከብ ተሠራ፤ ስሙም «አይስ ብሬከር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዝ አገር ለሩሲያ የተሠራችው «የርማክ» ከእነዚህ አንዷ ናት። የሚገርመው፣ እንዲህ ያለች መርከብ ወፍራሙን በረዶ የምትሰብረው በመጋጨት ብቻ አይደለም። አፍንጫዋ ወደ ላይ የተቀለበሰ ስለሆነ በረዶው ላይ ትወጣበትና በክብደቷ ትሰብረዋለች።

ወደ ቋንቋው እንመለስ። «ብሬክ ዚ አይስ» ማለት በማይተዋወቁ ወይም በተፋፈሩ ሰዎች መካከል ያለውን መጨናነቅ በአንድ ጥያቄ፣ በአንድ ቀልድ ቀድሞ ማቅለል ነው። በአማርኛ «ጨዋታ መክፈት» ብንል ይቀርበዋል። ዋናው «ቀድሞ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛ የተናገረው ሰው በተከፈተው መንገድ ያለፈ ጀልባ ነው።

ምሳሌ፦ «ዘ ኒው ስቱደንት ዎዝ ኳየት፣ ሶ ሳራ ብሮክ ዚ አይስ ባይ አስኪንግ ሂም አባውት ፉትቦል።» አዲሱ ተማሪ ዝም ብሎ ስለነበር ሳራ ስለ እግር ኳስ በመጠየቅ ጨዋታ ከፈተች ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ያለፈው ጊዜ «ብሮክ» ነው፣ «ብሬክድ» አይባልም። «አይስ» በአናባቢ ድምፅ ስለሚጀምር «ዘ» ሳይሆን «ዚ» ብላችሁ አንብቡ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ደግሞ «አይ ብሮክ ዚ አይስ ኦፍ ማይ ፍሬንድ» ሲል ነው። በረዶው የጓደኛችሁ ንብረት አይደለም፤ በመካከላችሁ ያለ ነው። ስለዚህ «ዊዝ» በሉ። በየቀኑ ምሳ አብራችሁ ለምትበሉት ጓደኛ ግን ይህ አነጋገር አይሆንም፤ የሚሰበር ነገር የለማ።

«ብሬክ ዘ ሳይለንስ» ከሚለው ጋርም አታምታቱት። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ መሪ ቃል የነበረ ነው። ዝምታን መስበር ሲባል የተደበቀ፣ የሚያስፈራ ነገር ይፋ ማውጣትም ነው፤ ከባድ ነው። በረዶ ለመስበር «ስምሽ ማነው?» ማለት ሊበቃ ይችላል። በክበባችን ኳስ እየተወራወርን የምንጀምረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስሙን እንኳ ለመናገር ያፈረ ልጅ ሌላውን ጉዳይ ከየት አምጥቶ ይናገራል?

በሉ አሁን ደብተር አውጡ። ከሚከተሉት በየትኛው በረዶ፣ በየትኛው ዝምታ እንደተሰበረ ለዩና በእንግሊዝኛ ጻፉ። አንድ፦ ልጁና ልጅቷ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሳይነጋገሩ ሄዱ፤ በመጨረሻ ልጅቷ ቆሎ ዘረጋችለት። ሁለት፦ ተማሪዋ ለአንድ ዓመት የደበቀችውን በደል ለእናቷ ነገረቻት። ሦስት፦ ከተጣሉ ወር የሞላቸው ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንደኛው «እስክሪብቶ አለህ?» አለው። በሦስተኛው ላይ እኔና የእንግሊዝኛ መምህር የሆነ ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማንም፤ እናንተም ከመምህራችሁ ጋር ተከራከሩበት።