ዶሮዎቻችንን ከቀበሮ እንዴት እንጠብቅ?

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ብዙዎቻችሁ የክረምቱን ዕረፍት አገር ቤት ከአያቶቻችሁ ጋር ታሳልፋላችሁ። በገጠር ከዕንቁላል ሽያጭ የጨው፣ የጋዝና የደብተር መግዣ ይገኛል። ስለዚህ ቀበሮ ዶሮ ቤት ሲገባ ጉዳቱ ለመላው ቤተሰብ ነው።

ቀበሮ ሜዳ ላይ አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ ያመልጣሉ። ቤት ውስጥ ግን መውጫ አጥተው ሲንጫጩና ሲራወጡ፣ ከሚበላው በላይ ደጋግሞ ይገድላል። ይህ የአደን ጠባዩ እንጂ ክፋት አይደለም። የእኛ ድርሻ መግቢያ ማሳጣት ነው።

1. ዙሪያው ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይታጠር፤ ከላይም ይሸፈን።
2. ቀበሮ ስለሚቆፍር ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር፤ ጫፉም ወደ ውጭ ይታጠፍ።
3. ዶሮዎቹ ጀንበር ሳትጠልቅ ይግቡ፤ በሩም ይቆለፍ።
4. የሞተ ዶሮና የምግብ ትራፊ በአካባቢው አይጣል፤ ሽታው አውሬ ይጠራል።

መርዝ ግን አይነሣ። መርዝ አይመርጥም፤ የቤት ውሻንም ጥንብ አንሣንም ይገድላል። በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚመገበው አይጥ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ የቀረውም በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው።

እዚህ ካርቲየ 4 ጫጩት የምታሳድጉ ወላጆችም ሥጋታችሁ ድመትና አይጥ ነው፤ ጠባብ ወንፊትና በጊዜ የተዘጋ በር ለእነርሱም ይበጃል። ልጆች፣ የማታውን በር የመዝጋት ኃላፊነት እናንተ ውሰዱ።