በድሬዳዋ ከተማ የቤት አታክልት ስለሚጠፋበት ምክንያት

ድሬዳዋ ከተማ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር ከደረሰ ጊዜ ጀምሮ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ስፍራዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቆላ ነው። ከደጋና ከወይና ደጋ መጥቶ በዚያ የሚቀመጥ ሰው ግን በግቢው አታክልት ሲተክል ያገሩን ልማድ ይከተላል። በዚህም ምክንያት የሚጠፋው ችግኝ ብቻ አይደለም፤ ከጕድጓድ በብዙ ድካም የሚሳበው ውሃ ጭምር ነው። ስለዚህ ችግኝ የማደል ሥራ ያለባቸው ሹማምንትና ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች የሚከተለውን ነገር አስተውለው ለሕዝቡ ቢያስረዱ ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት የዐመድ ነገር ነው። በጎጃምና በወለጋ በብዙ ስፍራ መሬቱ ኮምጣጣ ስለ ሆነ፣ የምድጃ ዐመድ ሲነሰንሱበት ኮምጣጣነቱ ይበርድለትና ጎመኑ ያምራል። የድሬዳዋ አፈር ግን በዙሪያዋ ካለው የኖራ ድንጋይ ተራራ የወረደ ስለ ሆነ ኖራ ይበዛበታል። ውሃውም እንደዚሁ ነው፤ ይህንንም ማንም ባለቤት በማንቆርቆሪያው ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ነገር ያውቀዋል። እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ዐመድ ማፍሰስ በኖራ ላይ ኖራ መጨመር ነው። ምልክቱም የብርቱካንና የሎሚ ለጋ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ መካከሉ ብጫ መሆኑ ነው። ይህም የሚሆነው ብረት ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ኖራው አስሮ ስለ ያዘው ሥሩ ሊስበው ባለመቻሉ ነው። ባለቤቱ ግን ተክሉ የጠማው መስሎት ውሃ ያበዛበታል፤ ሕመሙም ይብሳል። የሚሻለው ዐመዱን ትቶ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ መጨመር ነው። ትኩስ የፍየል በጠጥ ሥር ያቃጥላልና ጥቂት ወራት ተከምሮ ይቈይ።

ስለ ማጠጣትም ብዙ ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ያርከፈክፋል፤ ያውም በቀትር። ያ ውሃ ሳይዘልቅ ፀሐይ ትወስደዋለች፤ በውስጡ የነበረው ጨው ግን በመሬቱ ፊት ላይ ቀርቶ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ሥርም ውሃ ወዳለበት ይሄዳልና ወደ ላይ ወጥቶ በሙቀት ይጠበሳል። ስለዚህ በማለዳ አንድ ክንድ ያህል እስኪዘልቅ አጥግቦ ማጠጣት፣ ከዚያም አፈሩን በጣት እየቈፈሩ እርጥበቱ እስኪርቅ ድረስ መታገሥ ይገባል። የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል ንጽሕና የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ያ ቅጠል በተክሉ ዙሪያ ቢነጠፍ የመሬቱ ልብስ ይሆን ነበር።

በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ቲማቲም አበባውን ያረግፋል፤ ገዢውም ዘር የሸጠለትን ነጋዴ በከንቱ ይወቅሳል። ዘሩን በመስከረም በመደብ ላይ ዘርቶ በጥቅምት ያዛወረ ሰው ግን በቀዝቃዛው ወራት ያፈራለታል። ማንጎም ሲያድግ ከ8 እስከ 10 ሜትር ስፋት የሚይዝ ዛፍ ነውና ከግንብ ሥር አይተከልም፤ ለጠባብ ግቢ ፓፓያና ዘይቱን ይስማማሉ።

ችግኝ የሚያድል ሹም ደግሞ ተካዩ ላስቲኩን ሳይቀድ እንዳይተክል፣ የተጠመጠመውንም ሥር ፈትቶ እንዲያኖር በእጁ ያሳየው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ማን እንደሚያጠጣ ሳይታወቅ በሐምሌ ብዙ ሺህ ማደል አይገባም፤ በመዝገብም ላይ ከታደለው ቍጥር አጠገብ በጥር የቆመው ይጻፍ።